የወረዳ ከተማ ውሃ፦ በልገሳ እንሥራው ወይስ በአክሲዮን?

የሰላሌው፦

ጤና ይስጥልኝ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር የአንድ አካባቢ ተወላጆች ማኅበር አለን። ከተማችን የወረዳ መቀመጫ ናት፤ 12,000 ያህል ሰው ይኖርባታል። ያላት አንድ የቆየ ጉድጓድ፣ ባለ 50 ሜትር ኪዩብ ታንከርና አራት ቦኖ ነው። ግቢው ድረስ ቧንቧ ያስገባው ሰው ጥቂት ነው፤ ለእሱም ቢሆን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ሊሠራ የታሰበ ማስፋፊያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ እርዳታው ሲቆም እሱም ጥናት ላይ ቀረ።

አባላቱ ለሁለት ተከፍለናል። ግማሹ «አዋጥተን ጉድጓድ እናስቆፍርና ለሕዝቡ እናስረክብ» ይላል። ሌላው «በነፃ የተሰጠ ነገር ጠባቂ የለውም፤ አክሲዮን ማኅበር አቋቁመን ውሃ እንሽጥ፣ ትርፉ መልሶ ያስፋፋዋል» ባይ ነው። ኩባንያ የከተማ ውሃ ይዞ መሸጥ ይችላል ወይ? ሒሳቡስ ያዋጣል? አንድ አባል ደግሞ ያገለገለ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ገዝቶ ሊልክ ተነስቷል። የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩን።

ጥልቅ ጉድጓድ፦

ከክርክሩ በፊት መጠኑን እናውጣ።

ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መስፈርት ከ20,000 በታች ነዋሪ ያለው ከተማ አምስተኛ ደረጃ ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር በ250 ሜትር ርቀት ውስጥ ማግኘት አለበት። 12,000 በ40 ሲባዛ በቀን 480 ሜትር ኪዩብ ነው። ከሚመረተው 20 በመቶ በመንገድ ይጠፋል ብላችሁ ብታስቡ 600 ማምረት ሊኖርባችሁ ነው። ፓምፑ በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ በሰዓት 37.5 ሜትር ኪዩብ፣ በሴኮንድ 10.4 ሊትር ማለት ነው። ይህ ለዛሬው ሕዝብ ነው። ከተማዋ በዓመት 4 በመቶ ካደገች በአሥር ዓመት ውስጥ ፍላጎቱ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ጉድጓድ አስቡ። አንዱ ብቻውን ቢበቃ እንኳ ፓምፕ የተቃጠለ ቀን ከተማው ለሳምንታት ይደርቃል፤ አዲሱ ፓምፕ ከአዲስ አበባ እስኪመጣና ክሬን እስኪገኝ ማለት ነው።

ቆፋሪው «በሴኮንድ 15 ሊትር ወጣ» ሲላችሁ በኮምፕረሰር ሲያጥብ ያየውን ነው የሚነግራችሁ። በዚያ ቁጥር ፓምፕ አይገዛም። ውሉ ላይ የፓምፕ ሙከራ በግልጽ ይጻፍ፦ መጀመሪያ በ4 ወይም በ5 ደረጃ እየጨመሩ፣ እያንዳንዱን ከ1 እስከ 2 ሰዓት፤ ቀጥሎ በአንድ መጠን ሳይቋረጥ 72 ሰዓት፤ በመጨረሻ ፓምፑን አጥፍቶ የውሃው ወለል ወደ ነበረበት ሲመለስ መለካት። በደጋው ባሳልት (ከእሳተ ገሞራ የተሠራ ጥቁር ዐለት) ውስጥ ውሃው ያለው በስንጥቅ ነው። በ24 ሰዓት ሙከራ ስንጥቁ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ብቻ ቀድታችሁ «ጎበዝ ጉድጓድ» ልትሉት ትችላላችሁ፤ ወለሉ ድንገት የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ነው። ሙከራው ካሳየውም ከ60 እስከ 70 በመቶ በላይ አትጎትቱ። ለጥራት ምርመራ የሚላከው ናሙና የሚቀዳው በ72 ሰዓቱ መጨረሻ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት የተቀዳ ናሙና ስለ ቁፋሮው ጭቃ እንጂ ስለ ውሃው አይነግርም።

የደረቅ ጉድጓድ ጉዳይም አለ። ክፍያው በሜትር ከሆነ የደረቀውም ዕዳ የእናንተ ነው። «ውሃ ካልወጣ አልቀበልም» የሚል ቆፋሪ ደግሞ የደረቁን ዋጋ በሚወጣው ላይ ጭኖ ነው የሚመጣው። ሁለቱም ያስኬዳል፤ የማያስኬደው ይህ ነገር ሳይጻፍ ማሽኑን ማስገባት ነው። የሃይድሮጂኦሎጂና የጂኦፊዚክስ፣ ማለትም ውሃው ከመሬት በታች የት እንዳለ የሚፈልገውን ጥናት ገንዘብ አትቆጥቡ፤ ከአንድ ደረቅ ጉድጓድ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የጥናቱን ሥራ ለዚያው ለቆፋሪው አትስጡ።

ስለ ኃይል። ውሃው ከጉድጓዱ እስከ ታንከሩ በድምሩ 150 ሜትር ይወጣል፣ ፓምፑና ሞተሩ አንድ ላይ 55 በመቶ ብቃት አላቸው ብንል ለአንድ ሜትር ኪዩብ 0.74 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ከመስመር የሚስበው 28 ኪሎዋት ያህል ነው። መብራት ሲጠፋ በጄነሬተር ከሆነ ለሜትር ኪዩብ ሩብ ሊትር ሊጠጋ ናፍጣ ይሄዳል፤ የዛሬውን የናፍጣ ዋጋ አባዙትና ታሪፍ ከሚባለው ጋር አስተያዩት።

ሶላር እንደምታነሱ እገምታለሁ። ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ግሩም ነው። ለ600 ሜትር ኪዩብ ግን አንድ ችግር አለ፤ ጥሩ ፀሐይ የሚገኘው በቀን 6 ሰዓት ቢሆን ነው። በ6 ሰዓት 600 ለማውጣት በሰዓት 100 ሜትር ኪዩብ መሳብ አለባችሁ፤ ጉድጓዱ ግን የሚችለው ከላይ ያሰላነውን 37 ያህል ነው እንበል። የሚያግደው የጉድጓዱ አቅም ስለሆነ ፓነል መጨመር አይፈታውም። የሚያዋጣው ድቅል ነው፦ ቀን በፀሐይ፣ ማታ በመስመር።

ፓምፕ የሚያቃጥሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ መጥፋት፣ ዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ ጉድጓዱ ሲጎድል በደረቁ መሽከርከር። የፌዝና የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ሪሌይ (ችግር ሲያይ ፓምፑን የሚያጠፋ መሣሪያ) እንዲሁም ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርድ የወለል መለኪያ ኤሌክትሮድ ከፓምፑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም፤ ሆኖም ጨረታ ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ሲበላሽም ኦፕሬተሩ ሪሌዩን አልፎ በቀጥታ ያገናኘዋል፣ ከዚያ ሞተሩ ይሄዳል። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ታሽጎ ቁልፉ በኃላፊው እጅ ይሁን፤ ሁለት መለዋወጫ ሪሌይም መጋዘን ይቀመጥ።

ደረሰኝ፦

ጥልቅ ጉድጓድ ባሉት መጠን ላይ ገንዘብ ልጨምርበት። ግምቱ የእኔ ነው፤ የራሳችሁን ጨረታ ዋጋ አስገብታችሁ ድገሙት።

ጉድጓዶቹ፣ መግፊያ መስመሩ፣ ታንከሩ፣ ማሠራጫውና ቆጣሪው በጠቅላላ 30 ሚሊዮን ብር ፈጁ እንበል። በ18 በመቶ ወለድ ከአገር ውስጥ ባንክ ለ10 ዓመት ቢበደሩት በየዓመቱ 6.68 ሚሊዮን ብር ትከፍላላችሁ። አክሲዮን ቢሆንም ያው ነው፤ ባለአክሲዮን ከባንክ ያነሰ ከጠበቀ ልገሳ ሰጥቷል ማለት ነው። ከሚመረተው 600 ሜትር ኪዩብ 30 በመቶው ቢጠፋ (20 በመቶ የዲዛይን ምኞት ነው) በቀን 420፣ በዓመት 153,300 ይሸጣል። ለካፒታል ብቻ በሜትር ኪዩብ 43.50 ብር። መብራት፣ ደመወዝ፣ ክሎሪን፣ ጥገና ገና አልተነሱም።

ይህ እንግዲህ መልካሙ ሒሳብ ነው። ዲዛይኑ 40 ሊትር ይላል፣ ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 40 ሊትር አይገዛም። ከቦኖ በጀሪካን የሚቀዳ ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ 15 ሊትር ቢጠቀም ነው። 12,000 በ15፣ በቀን 180 ሜትር ኪዩብ፤ በዓመት 65,700። ያው 6.68 ሚሊዮን ለዚህ ሲካፈል በሜትር ኪዩብ ከ101 ብር ያልፋል። በትንሽ ከተማ የግል ገንዘብ የሚሰምጠው እዚህ ላይ ነው። ብድሩ የሚቆጥረው ከመጀመሪያው ወር ነው፤ ሽያጩ የሚደርሰው በአምስተኛው ዓመት ነው።

አሁን ከፋፍላችሁ አስሉት። 20 ሚሊዮኑን፣ ማለትም ጥናቱን፣ ጉድጓዱን፣ ዋናውን መስመርና ታንከሩን ልገሳ ይሸፍነው። ተመላሽ ገንዘቡ 10 ሚሊዮን ብቻ ይሁን፤ ለማሠራጫ፣ ለቆጣሪና ለቤት ለቤት ቅጥያ። በዚያው ወለድና ዘመን ዓመታዊ ክፍያው 2.23 ሚሊዮን ብር ያህል ነው፤ በ153,300 ሜትር ኪዩብ ሲካፈል 14.50 ብር ይመጣል። ይህን የከተማ ሰው ሊሸከመው ይችላል፤ ገንዘቡም የሚወጣው ደንበኛ በተጨመረ ቁጥር ስለሆነ ሽያጭን ይከተላል እንጂ አይቀድመውም። ስለዚህ «ልገሳ ወይስ አክሲዮን» ብላችሁ አትከፈሉ። መሬት ውስጥ ተቀብሮ ገንዘብ የማይመልሰው ክፍል የልገሳ ነው፤ ቶሎ የሚመልሰው የተመላሽ ገንዘብ ነው።

የውጭ ባለሀብትም ለምን እንደማይመጣ ይታወቅ። የውሃ ገቢ ብር ነው፣ ብድሩ ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲከፈት 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዶላር ዕዳ ያለበት የውሃ ድርጅት ያን ጊዜ ታሪፉን በአንድ ወር እጥፍ ማድረግ ነበረበት፤ የትኛው ቦርድ ነው ይህን የሚያጸድቀው? ኪጋሊ አጠገብ ያለውን በቀን 40,000 ሜትር ኪዩብ የሚያመርት የግል ጣቢያ እንደ ምሳሌ ሲያነሱ እሰማለሁ። እሱ ቤት ለቤት አይሸጥም፤ አጣርቶ ለመንግሥቱ የውሃ ድርጅት በጅምላ ያስረክባል፣ የረጅም ጊዜ የግዢ ውል አለው። ያ ውል ከሌለ ባንኩ አይገባም። ዳሬሰላም ላይ ደግሞ እስከ ቤት ያለውን ሥራ የግል ኩባንያ በ10 ዓመት ኪራይ ወስዶ ነበር፤ በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግንቦት 2005 ውሉ ፈረሰ። የተሰበሰበው ገቢ ጨረታው ላይ ከተገመተው በታች ሆነ፤ ሲጀመር የደንበኛ መዝገቡም አስተማማኝ አልነበረም።

የመንግሥቱ መንገድ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 268 የተቋቋመው ፈንድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን ብድርና እርዳታ ለከተማ ውሃ አገልግሎቶች መልሶ በረጅም ጊዜ ያበድራል። ትልልቁ ገንዘብ ግን የሚሄደው ወደ ትልልቁ ከተማ ነው። ዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ያጸደቀው የ445 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት ለአዲስ አበባና ለ22 ሌሎች ከተሞች ነበር። የ12,000 ሰው ከተማ ለገጠሩ ፕሮግራም ትልቅ፣ ለከተማው ትንሽ ሆኖ መሐል ይወድቃል። የእናንተ ገንዘብ ዋጋ የሚኖረው እዚያ ክፍተት ላይ ነው።

የውል ሰው፦

ሕጉን በአጭሩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ ለማውጣትና ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለቤት አገልግሎት የሚውለውም ቅድሚያ አለው። ጉድጓዱን ማስቆፈር ትችላላችሁ፤ የውሃው ባለቤት መሆን አትችሉም። የከተማ ውሃ የሚያቀርበው በክልል ሕግ የተቋቋመ፣ ቦርድ ያለው የውሃ አገልግሎት ነው። ከእሱ ጎን ሌላ ሻጭ ሆናችሁ መግባት ሳይሆን ከእሱ ጋር ውል መፈጸም ነው ያላችሁ ምርጫ። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 አለ፤ ግን የፌዴራል ነው፣ የእናንተ ጉዳይ የክልል ነው። በዚያ ላይ ለትልልቅ ሥራ ታስቦ የተጻፈ ሂደት ነው፤ ለእናንተ መጠን ወጪው ብቻ ያደክማችኋል።

ሁለተኛው ጉዳይ እናንተው ጋ ነው። ማኅበራችሁ ሜሪላንድ ውስጥ ከግብር ነፃ በጎ አድራጊ ሆኖ የተመዘገበ ከሆነ የሰበሰበውን ልገሳ ለአባላቱ የትርፍ ድርሻ በሚያከፋፍል ኩባንያ ላይ ማዋል አይችልም። አክሲዮን የሚገዛ አባል በራሱ ስም፣ በሌላ ኪስ ይግዛ። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመዘገብ ድርጅት ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ይፈቀድለታል፤ ትርፉን ለዓላማው ያውላል እንጂ ለአባላት አያከፋፍልም፤ የአስተዳደር ወጪውም ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሁለቱን ገንዘብ በአንድ የባንክ ሒሳብ ካቀላቀላችሁ በሁለቱም አገር ጣጣ ነው።

የሰላሌው፦

እግዜር ይስጥልን፤ ብዙ ነገር ጠራልን። እንግዲያው ንብረቱ የከተማው ሆኖ ማስተዳደሩን ብቻ በውል የሚይዝ ኩባንያ ብናቋቁምስ? ደግሞ ስለ መጸዳጃውና ስለ መኪናው የመለሰ የለም።

ቦኖ ስድስት፦

መጀመሪያ ስለ ሽያጩ፤ ከላይ ያለው ሒሳብ አንድ ነገር ዘሏል።

ያላችሁ አራት ቦኖ ነው። ባለ ስድስት ቧንቧ ቢሆኑ፣ አንዷ ቧንቧ በሴኮንድ 0.2 ሊትር ብትሰጥ 20 ሊትር ጀሪካን በ100 ሴኮንድ ይሞላል። ጀሪካን ማንሳት፣ ገንዘብ መቀበል፣ መልስ መስጠት ሲጨመር አንድ ቦኖ በሰዓት 3 ሜትር ኪዩብ ቢሸጥ ጎበዝ ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ አራት ቦኖ፣ 96 ሜትር ኪዩብ። በ30 ሚሊዮን ብር 600 ሜትር ኪዩብ አምርታችሁ በአራት ቦኖ በኩል መሸጥ አትችሉም! ቦኖ ብትጨምሩም ጠባቂና ኪሳራ ይጨምራል። ገቢ ያለው ግቢ ውስጥ ነው። 2,400 አባወራ አለ ብንል ግማሹ ግቢው ቢያስገባና በወር 9 ሜትር ኪዩብ ቢጠቀም በቀን 360 ሜትር ኪዩብ ይሆናል።

ሰው ግቢው የማያስገባው የወር ክፍያው ከብዶት አይደለም። ጀሪካን በ1 ብር የሚገዛ ሰው በሜትር ኪዩብ 50 ብር እየከፈለ ነው፤ ግቢው ያስገባው ጎረቤቱ በዝቅተኛው እርከን ከዚያ በታች ይከፍላል። የሚያቅተው የመጀመሪያው ቀን ወጪ ነው፦ ቆጣሪ፣ ቧንቧ፣ ቁፋሮ፣ የባለሙያ፣ የማስገቢያ ክፍያ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። እዚህ ላይ ተዘዋዋሪ ፈንድ አኑሩ። አገልግሎቱ ሙሉ ቅጥያውን ይሥራ፣ ደንበኛው በ18 ወይም በ24 ወር ከውሃ ደረሰኙ ጋር እየቆራረጠ ይክፈል፣ የተመለሰው ገንዘብ የሚቀጥለውን ቤት ያስገባ። ካልከፈለ የሚቆረጠው ቆጣሪው ስለሆነ ዋስትናው እዚያው ነው። የማኅበራችሁ የተመላሽ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ከዚያ በፊት ግን በጉድጓዱ አፍና ከታንከሩ መውጫ ላይ ትልቅ ቆጣሪ ይተከል። ያለ እሱ «30 በመቶ ጠፋ» የሚለው ሁሉ ግምት ነው። በየወሩ ከታንከር የወጣውና በደንበኛ ቆጣሪ የተነበበው ይነጻጸር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀዳ ከታንከሩ የሚወጣው ውሃ ብዙ ከሆነ መስመሩ ያፈሳል፤ ሌሊት ጸጥ ካለና ልዩነቱ ግን ትልቅ ከሆነ ነገሩ ቆጣሪው፣ አንባቢው ወይም ሕገወጥ ቅጥያ ጋ ነው።

በፈረቃ የሚሰጥ ውሃ ሌላ ጣጣ አለው። ባዶ መስመር ውስጥ ውሃ ሲለቀቅ ከፊቱ አየር ይገፋል፣ የግማሽ ኢንች ቆጣሪ አየሩንም ይቆጥራል። ከፍታ ላይ ያለ ደንበኛ ውሃ ሳያገኝ ደረሰኝ ይመጣለታል፣ ክፍያ የሚቆመውም በዚያ ነው። በከፍታ ቦታዎች የአየር ማስወጫ ቫልቭ ይግባ፤ ውሃውን ለሁሉም በጥቂቱ ከማዳረስ አንዱን ቀጠና በጌት ቫልቭ ለይቶ ቀኑን ሙሉ መስጠት ይሻላል። መስመር ሲጎድል በስንጥቁ ፍሳሽ ስለሚገባ ለጤናም ይኸው ነው የሚመረጠው።

ትልቁ ባለዕዳ ብዙ ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ማረሚያ ቤት ካለ እሱ። ቆርጦ ማቆየት አይቻልም፣ በጀታቸው ውስጥም የውሃ ወጪ በቅጡ አይያዝም። ውል ስትፈራረሙ ወረዳው የእነዚህን ክፍያ ከየተቋሙ ሳይሆን ከፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ በየሩብ ዓመቱ በቀጥታ እንዲያስተላልፍ አስገቡ።

አሁን መኪናው። አትላኩት። ጉድጓድ መጸዳጃ በአንድ ሰው በዓመት 50 ሊትር ያህል ዝቃጭ ይሰበስባል። 12,000 ሰው፣ በዓመት 600 ሜትር ኪዩብ። ከዚህ ሲሶው እንኳ ቢመጠጥ 200 ነው፤ ባለ 8 ሜትር ኪዩብ መኪና በ25 ምልልስ ይጨርሰዋል፣ በዓመት! መኪና ሾፌርና ጎማ የሚችለው በቀን ሁለት ሦስት ምልልስ ካገኘ ነው። ባለሆቴሎችና ተቋማት ጥቂት ቢጨምሩበትም ለብቻው አይቆምም፤ ቆሞ ይዝጋል። ለአምስት ስድስት አጎራባች ከተሞች አንድ የግል ባለመኪና በጥሪ ቢሠራ ግን ያዋጣዋል። የአዲስ አበባ ባለመኪናዎች ያለ ማንም እርዳታ የሚሠሩት ለዚህ ነው። ደግሞም በእናንተ ከተማ ብዙው መጸዳጃ ደረቅ ጉድጓድ ነው፤ ጨርቅ፣ ላስቲክና ድንጋይ ይገባበታል፤ ባለ 4 ኢንች ቱቦ ያንን አይስብም።

ከመኪና በፊት የሚያስፈልገው መድፊያ ነው። መድፊያ የሌለው መኪና ወንዝ ዳር ነው የሚደፋው። ቀላሉ የማድረቂያ መደብ ነው፦ ከታች ጠጠር፣ በላዩ ደቃቅ ጠጠር፣ ከላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከሥሩ የተቦረቦረ ቧንቧ። ዝቃጩ በ25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢፈስ አንድ መኪና 32 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። የደረቀው በተጠረገ ቁጥር አሸዋው አብሮ ስለሚነሳ መተኪያ አሸዋ በበጀት ይያዝ፤ ይህ ሲረሳ መደቡ ይደፈንና ኩሬ ይሆናል። ከውሃ ጉድጓዶቻችሁ በታችኛው ተፋሰስ በኩል፣ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ለመጸዳጃ የግል ገንዘብ ከፈለጋችሁ የመጸዳጃ ወለል በሲሚንቶ ሠርተው የሚሸጡ ወጣቶችን አስቡ። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመጸዳጃ ወለል በ1 ለ 2 ለ 4 ቅልቅል ሲሠራ ከ6 ኪሎ ያነሰ ሲሚንቶ ይፈጃል፤ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ስምንት ይወጣል። ባለ 6 ሚሊ ፌሮ፣ አራት የብረት ቅርጽ ማውጫ፣ አንድ አካፋ፣ መነሻ ካፒታል ይኸው ነው። የሚሰነጠቀው ቸኩለው ስለሚያወጡት ነው፤ ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ መጠጣት አለበት። ቀዳዳው ላይ የሚገጠመው ራሱ የሚዘጋ የፕላስቲክ ሳህን ሽታና ዝንብ ይከለክላል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ከተማ ውስጥ የሚሸጥ ወጣት እያለ ሌላ ፕሮጀክት መቶ ወለል በነፃ ካደለ ገበያው ለዓመታት ይሞታል፤ ሰው «ደግሞ ይመጣል» ብሎ ይጠብቃል።

ደረሰኝ፦

ስለ ማስተዳደር ውሉ፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ መጠኑ ነው ችግሩ። ሴኔጋል ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ሠርታለች፤ ንብረቱንና ትልልቁን ግንባታ የመንግሥት ኩባንያ ይይዛል፣ የግሉ ያስኬዳል፣ ያስከፍላል፣ ከእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ የተወሰነ ድርሻ ያገኛል። ብዙ ከተማ በአንድ ውል ስለተጠቃለለ ደመወዝና መለዋወጫ ይሸፈናል። በ12,000 ሰው ከተማ ግን የአንድ ሥራ አስኪያጅ፣ የአንድ ኤሌክትሮሜካኒክ ባለሙያና የአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ብቻ ታሪፉን ይበላዋል። ከአራት አምስት አጎራባች ከተሞች ጋር በአንድ ኦፕሬተር ካልተያያዛችሁ ኩባንያ አታቋቁሙ። እስከዚያው ያለውን የውሃ አገልግሎት በሠለጠነ ሰው አጠናክሩት። የኤሌክትሮሜካኒክ ባለሙያውን ከአጎራባች ከተማ ጋር በጋራ መቅጠርም ይቻላል።

ቦኖ ስድስት ስለ ተዘዋዋሪ ፈንዱ ያሉትን እደግፋለሁ፤ አንድ ማስተካከያ ግን አለኝ። ገንዘቡ በውሃ አገልግሎቱ ሒሳብ ውስጥ ከገባ በመጀመሪያው የናፍጣ ችግር ይበላል። በአማራ ክልል በፊንላንድ ድጋፍ የተሠራበትን መንገድ እዩ፤ ገንዘቡ በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ነበር ለውሃ ኮሚቴዎቹ የሚለቀቀው፣ ኮሚቴውም ለጥገና የሚሆን ቁጠባ እንዲያስቀምጥ ይጠበቅ ነበር። ያ ለእጅ ጉድጓድና ለምንጭ ነው የተሠራበት፤ ለቅጥያ ብድርም ግን አሠራሩ ይሄዳል። ማይክሮፋይናንሱ ያበድር፣ አገልግሎቱ ይትከል፣ የሁለቱ ደብተር በየወሩ ይመሳከር።

የውል ሰው፦

ያው እኔ ስለ ፊርማው ልጨምር። ስምምነቱ ሦስት ወገን ይኑረው፦ ማኅበሩ (ወይም እዚህ የሚወክለው የተመዘገበ ድርጅት)፣ የውሃ አገልግሎቱ ቦርድ፣ የዞኑ ወይም የክልሉ ውሃ ቢሮ። ከከንቲባው ጋር ብቻ የተፈረመ ወረቀት ከንቲባው ሲቀየር ይቀየራል። ቦታውም ከመቆፈሩ በፊት በካርታ ለውሃ አገልግሎቱ ይሰጥ፤ ካሳ ያልተከፈለው ገበሬ ማሳ ላይ የወጣ ጉድጓድ በር ላይ ሁልጊዜ ሰልፍ አለ።

ታሪፉን ቦርዱ ከግንባታው በፊት ያጽድቅ፤ የመብራት ወይም የናፍጣ ዋጋ ሲለወጥ በየዓመቱ የሚከለስበት ቀመርም በዚያው ቃለ ጉባኤ ይካተት። ከተመረቀ በኋላ ታሪፍ የሚጨምር ባለሥልጣን አታገኙም።

ገንዘቡን በአንዴ አትልቀቁ። የመጀመሪያው ክፍያ ጥናቱ ሲያልቅና ታሪፉ ሲጸድቅ፤ ሁለተኛው የ72 ሰዓቱ ሙከራና የጥራት ውጤቱ ሲቀርብ፤ ሦስተኛው መስመሩ በግፊት ተፈትኖ ሲያልፍ፣ አፈር ከመመለሱ በፊት ማለቴ ነው፤ አራተኛው ትልልቆቹ ቆጣሪዎች ተተክለው የሦስት ወር ንባብ ሲመጣ። ከተቋራጩ 5 በመቶ ለአንድ ዓመት ይያዝ፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይለፍበት። ጉድጓድ በሚያዝያ እንጂ በመስከረም አይፈተንም፤ ቆፋሪዎች ለምን በመስከረም ማስረከብ እንደሚወዱ ጥልቅ ጉድጓድን ጠይቋቸው።

ጥልቅ ጉድጓድ፦

ከክረምቱ ማግስት የውሃው ወለል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ነው። በመስከረም የተፈተነ ከሆነ ቢያንስ የቆመውን የውሃ ወለል በሚያዝያ ድጋሚ ለኩት፤ የወረደውን ያህል ሜትር ከፓምፑ መቀመጫ ጥልቀት ጋር አስተያዩት። ለዚህ ሲባል ከመወጣጫው ቧንቧ ጎን አንድ ባለ ሦስት ሩብ ኢንች የመለኪያ ቱቦ አብሮ ይውረድ። ጉድጓዱ ከታሸገ በኋላ እሱ ከሌለ መለኪያ ገመድ ማስገቢያ የለም፤ ፓምፑን ማውጣት ግድ ይሆናል።